እንደ ቲም ሃዋርድ በእግር ማዳን፤ ለጅማ በረኞች

የቀድሞው የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን በረኛ ቲም ሃዋርድ ጓንቱን ከሰቀለ በኋላም ስሙ ሲነሳ የሚወራው እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዋንጫ በብራዚሏ ሳልቫዶር ከቤልጂየም ጋር ስለተደረገው ጨዋታ ነው። አሜሪካ በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ተሸነፈች፤ እሱ ግን በዕለቱ 16 ኳስ አዳነ ተብሎ ተመዘገበ (ኋላ 15 ነው ተብሏል)። ለሰፈር በረኛ የሚጠቅመው ግን ከቁጥሩ ይልቅ ጥቂት የማይባሉትን በእግሩ መመለሱ ነው። ለቅርብና ለዝቅተኛ ምት እጅ ከወገብ ተነስቶ መሬት እስኪደርስ ኳሷ አልፋለች። እግር ግን እዚያው ነው።

ልምምዱ መረብ አይፈልግም። ሁለት ድንጋይ በ7 ሜትር ከ32 ሴንቲሜትር ርቀት አስቀምጡ። መቺው 7 ሜትር ላይ ቆሞ 6 ኳስ በተከታታይ ይምታ፤ ሁሉም ከጉልበት በታች፣ ከበረኛው ግራና ቀኝ አንድ ሜትር ገደማ። አንድ ደቂቃ እያረፉ 4 ዙር ይበቃል። ከዚያ ካለፈ እግር ይዝልና መጥፎ ልማድ ይተርፋል።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። መቺው እግሩን ወደ ኋላ ሲያነሳ በረኛው ትንሽ ዘለል ይበል፤ ኳሷ ስትመታ ግን ሁለቱም እግሮቹ መሬት መያዝ አለባቸው። አብዛኛው ልጅ የሚቀደመው ዘግይቶ ስለሚዘል ነው፤ አየር ላይ ያለ እግር የሚገፋበት መሬት የለውም። ክብደቱ ተረከዙ ላይ ከሆነም ያው ነው።

ሲዘረጋ ጣቶቹን ወደ ውጭ ያዙር፣ ቁርጭምጭሚቱን ያጠንክር፣ የታኬታው ሶል መሬቱን እየላሰ ይሂድ። ከፍ ካደረገው ኳሷ ከሥሩ ትሾልካለች። የሌላው እግር ጉልበት ወደ መሬት ወርዶ በመሃል ያለውን ክፍተት ይዝጋ። የተመለሰችው ኳስ ወደ ጎን ትውጣ፤ መሃል ከቀረች አጥቂው ሁለተኛ ዕድል አገኘ ማለት ነው።

በጅማ ክረምት የሚከዳው የሚዘረጋው እግር ሳይሆን የሚገፋው ነው። የታኬታውን ጭቃ በየእረፍቱ በእንጨት ጠራርጉ፤ በረኛው የሚቆምበት ቦታ ውሃ ካቆረ አሸዋ አልብሱት።

በበጋ ጣጣው ይለወጣል፤ ደረቅ ሜዳ ኳስ ያነጥራል። ሃዋርድ ራሱ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ለእንግሊዙ ክለብ ኤቨርተን ተሰልፎ ቦልተን ላይ ከራሱ ክልል የመታት ኳስ በነፋስ ተገፍታ፣ ነጥራ በበረኛው አናት አልፋ ገባች። ለቦልተኑ በረኛ አዝኖ ደስታውን እንኳ አልገለጸም። ረጅም ኳስ ሲመጣ ወደፊት አትሩጡ፤ ከምትነጥርበት ቦታ ኋላ ሆናችሁ ጠብቁ።

ጓንትን በተመለከተ፦ ከጨዋታ በፊት መዳፉን በንጹህ ውሃ ረጠብ አድርጉት፣ ድርቅ ያለ ላቴክስ (የመዳፉ ጎማ) ይንሸራተታል። ፎጣ በፌስታል ጠቅልላችሁ ከቋሚው ሥር አስቀምጡ። ማታ ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፣ ጥላ ላይ አድርቁት። ከሰል ምድጃ አጠገብ የደረቀ ጓንት መዳፉ ይሰነጣጠቃል።