የእግር አጥንት መዛባትን በሚያርሙ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች አጠቃቀም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእግር አውራ ጣት ወደ ሌሎቹ ጣቶች ሲያጋድልና ከሥሩ ጉብታ ሲወጣ የሚያይ ሰው፣ በቦታው ትርፍ አጥንት የበቀለ ሊመስለው ይችላል። ሐኪሞች ሀሉክስ ቫልገስ በሚሉት በዚህ መዛባት ግን ጉብታው በአብዛኛው የነበረው አጥንት ጫፍ ነው። ከአውራ ጣቱ በስተኋላ ያለው ረጅም አጥንት፣ ማለትም የመጀመሪያው ሜታታርሳል፣ ወደ ሌላኛው እግር አቅጣጫ ይሸሻል፤ ብዙ ጊዜም በራሱ ዘንግ ላይ ይጠመዘዛል፤ ጫፉም ቆዳውን ገፍቶ ይታያል። ስለዚህ ጉብታውን መላጨት ብቻውን ሕክምና አይሆንም፤ አጥንቱ ወደ ቦታው መመለስና እስኪገጥም ድረስ በዚያው መያዝ አለበት። ለዚህ ሥራ አጥንቱን ወደ መስመሩ የሚመልስ ማሰለፊያ፣ የመጋዙን ምላጭ በስንጥቁ የሚመራ የመቁረጫ መሪ፣ መጋዝ፣ ለጊዜው የሚይዝ ሽቦ፣ እንዲሁም እስኪገጥም የሚያያይዙት ስክሩና ፕሌት ያገለግላሉ። ቀጥዬ የምገልጻቸው ስህተቶች በእነዚህ መሣሪያዎች ዙሪያ ደጋግሜ ያየኋቸው ናቸው፤ የአብዛኞቹም ምንጭ መሣሪያው ራሱ ያስተካክለዋል የሚለው እምነት ነው።

በተኛ ሰው ኤክስሬይ ላይ ተመሥርቶ መሣሪያ መምረጥ

መዛባቱ የሚለካው ሕመምተኛው ቆሞ፣ ክብደቱን በእግሩ ላይ አሳርፎ በሚነሳው ኤክስሬይ ነው። ተኝቶ የተነሳው ኤክስሬይ አጥንቶቹ በክብደት ሥር ምን ያህል እንደሚራራቁ ስለማያሳይ መዛባቱን አሳንሶ ያቀርባል። በአውራ ጣቱና በመጀመሪያው ሜታታርሳል መካከል ያለው ማዕዘን ከ15 ዲግሪ በታች፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሜታታርሳል መካከል ያለው ደግሞ ከ9 ዲግሪ በታች ሲሆን ጤናማ ተደርጎ ይወሰዳል። መጠነኛ መዛባት ከአጥንቱ ራስ፣ ማለትም በአውራ ጣቱ በኩል ካለው ጫፍ፣ አጠገብ በሚደረግ የቪ ቅርጽ ቆረጣ ሊታረም ይችላል፤ ለዚህም ትንሽ መጋዝና አንድ ወይም ሁለት ስክሩ ይበቃሉ። ማዕዘኑ ሰፊ ከሆነ ወይም በአጥንቱ ሥር፣ ማለትም በኋለኛው ጫፉ፣ ያለው መገጣጠሚያ ከላላ ግን፣ ፖል ላፒደስ በ1934 እ.ኤ.አ. በገለጹትና በስማቸው በሚጠራው ዘዴ ያንኑ መገጣጠሚያ አስተካክሎ ሁለቱ አጥንቶች አንድ ሆነው እንዲገጥሙ ማድረግ የተሻለ ይሆናል። ሁለቱ የተለያየ የመሣሪያ ስብስብ ይፈልጋሉ። የለመዱትን ስብስብ አዝዞ መዛባቱን ከእሱ ጋር ለማስማማት መሞከር፣ ቢላዋ ቆዳ ሳይነካ የሚፈጸም ስህተት ነው።

አጥንቱ ሳይስተካከል መቁረጥ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ወስጄ ላስረዳው የምፈልገው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የሚመጡት ስህተቶች ብዙዎቹ የዚህ ልጆች ናቸው። በቀድሞው የላፒደስ ዘዴ አሠራር ሐኪሙ የመገጣጠሚያውን ሁለት ፊቶች በዓይኑ ገምቶ በሽብልቅ ቅርጽ ይቆርጥና፣ ከዚያ በኋላ አጥንቱን ገፍቶ ለመግጠም ይሞክር ነበር። በጎን በኩል ያለው ማዕዘን ሲስተካከል ከላይና ከታች ያለው ይዛባል፤ ጥምዘዛው ደግሞ እንደነበረ ይቀራል። ማሰለፊያና የመቁረጫ መሪ ያለው ስብስብ የተዘጋጀው ይህን ቅደም ተከተል ለመገልበጥ ነው፤ አስቀድሞ አጥንቱ በሦስቱም አቅጣጫዎች ይስተካከላል፣ በኤክስሬይ ይረጋገጣል፣ በሽቦ ይያዛል፣ በመጨረሻም ይቆረጣል። ይሁን እንጂ መሣሪያው በእጅ እያለ ሥራው በድሮው ቅደም ተከተል ሲሠራ አይቻለሁ፤ መሪው በችኮላ ይሰካል፣ ማሰለፊያው የሚጠብቀው ከቆረጣው በኋላ ይሆናል።

ማሰለፊያው አንዱን ክንድ በመጀመሪያው ሜታታርሳል ላይ፣ ሌላውን በትንሽ ቀዳዳ አሳልፎ ከሁለተኛው ሜታታርሳል ውጫዊ ጎን ላይ አሳርፎ፣ በሚጠብቅ ብሎን ሁለቱን አጥንቶች ያቀራርባል። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይሳታሉ። አንደኛው መገጣጠሚያውን ሳያላቅቁ ማጥበቅ ነው። ወደ ውስጥ እግር በኩል ያለው ጠንካራ ጅማት ካልተለቀቀ አጥንቱ ለጊዜው ይታዘዛል፤ መሣሪያው ሲነሳ ግን ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሁለተኛው ከመጠን በላይ ማጥበቅ ነው። ሁለተኛው ሜታታርሳል ቀጭን በመሆኑ በግፊቱ ሊጎብጥ፣ በሳሳ አጥንትም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በምስሉ ላይ ማዕዘኑ ጠብቦ ሲታይ የተንቀሳቀሰው የትኛው አጥንት እንደሆነ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ሦስተኛው ጥምዘዛውን መርሳት ነው። ማቀራረብና ማሽከርከር ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎች ናቸው፤ ማሽከርከሩ በአጥንቱ ውስጥ በተሰካ ሽቦ እንደ እጀታ ተይዞ ይፈጸማል፤ ውጤቱም ከአጥንቱ ራስ ሥር ያሉት ሁለቱ ትናንሽ ሴሳሞይድ አጥንቶች ወደ ቦታቸው በመመለሳቸው ይታወቃል። ሴሳሞይዶቹ ወደ ጎን ተንሸራተው እንዳሉ የማዕዘኑ ቁጥር ቢያምርም መዛባቱ ገና አልታረመም።

መሪው አጥንቱ ላይ ሳያርፍ መጋዙን ማስነሳት

የመቁረጫ መሪ ትክክለኛ የሚሆነው ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ እስከተቀመጠ ድረስ ነው። በሥሩ የቀረ ሥጋ ወይም ትንሽ የአጥንት ጠርዝ መሪውን በጥቂቱ ካነሳው፣ ከላይ በኩል የማይታየው ያ ዘንበል ማለት ከታች ሲደርስ ትልቅ ክፍተት ይሆናል። የመጀመሪያው ሜታታርሳል ሥር መገጣጠሚያ ከእግሩ ጀርባ እስከ ውስጥ እግር ድረስ ወደ 3 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ጥልቀት አለው፤ ለዓይን የሚታየው ግን የላይኛው ጠርዝ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀረውም ታችኛው ክፍል ነው። ምላጩ አጭር ከሆነ ወይም ሐኪሙ በታች ያለውን ነገር ፈርቶ ቀድሞ ካቆመ፣ ከሥር የቀረችው የአጥንት ቁራጭ ሁለቱ ፊቶች እንዳይገጣጠሙ ታደርጋለች፤ አጥንቱ ሲጫን ከላይ ይዘጋና ከታች ይከፈታል፤ ጫፉም ወደ ላይ ይነሳል። ሕመምተኛው ሲራመድ አውራ ጣቱ መሸከም የነበረበት ክብደት ወደ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሜታታርሳል ስለሚዞር፣ በአንዱ ሕመም ምትክ ሌላ ሕመም ይዞ ይመለሳል። ከመገጣጠሚያው የወጡትን ቁራጮች አንስቶ ማየት ቀላል ማረጋገጫ ነው፤ እስከ ታችኛው ጠርዝ ድረስ ሙሉ ሆነው ካልወጡ የቀረ አለ ማለት ነው።

አጥንቱን ማሳጠርም የዚሁ ጉዳት ወንድም ነው። ምላጩ የሚወስደው ስፋት፣ ተጨማሪ የማስተካከያ ቆረጣና የተላጠው ንጣፍ ሲደመሩ ጥቂት ሚሊሜትር ይሆናሉ። አንድ ጊዜ በትክክል መቁረጥ ሦስት ጊዜ ከማለስለስ ይሻላል።

ሙቀትን ችላ ማለት

መጋዝና መሰርሰሪያ አጥንትን ያሞቃሉ፤ የሞቀ አጥንትም ይሞታል። ኤሪክሰንና አልብሬክትሰን በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት፣ በጥንቸል አጥንት ላይ በተደረገ ጥናት 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ1 ደቂቃ የቆየ ሙቀት አጥንትን ለመጉዳት በቂ እንደሆነ አሳይተዋል። ይህ በጣም ከፍተኛ ሙቀት አይደለም፤ ደንዝዞ የሚገፋ ምላጭ በቀላሉ ይደርስበታል። በመሪው ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ የሚሠራ ምላጭ ደግሞ የባሰ ነው፤ ብረት ከብረት ይፋተጋል፣ የሚፈሰውም የማቀዝቀዣ ፈሳሽ አጥንቱ ዘንድ ሳይደርስ በመሪው ላይ ይንሸራተታል። ረዳቱ ፈሳሹን በመሪው ላይ ሳይሆን ምላጩ ከአጥንቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ሊያፈስ ይገባል፤ ሐኪሙም ምላጩን ሳይጫን፣ በየመሐሉ እያወጣ ይቆርጣል። ለአንድ ሕመምተኛ የተሠራበትን ምላጭ ለሌላው ማቆየት በዚህም በንጽሕናም ረገድ ተገቢ አይደለም። በትንሽ ቀዳዳ በሚሠራው ዘዴ የሚሽከረከረውን መፋቂያ የሚጠቀሙም በዝቅተኛ ፍጥነት ሊያሠሩትና በፈሳሽ ሊያቀዘቅዙት ይገባል፤ የቆዳው ቀዳዳ ጠርዝም አብሮ ይቃጠላልና።

ሥጋን በግድ መሳብ

በእግር ጀርባ ላይ ቆዳው ስስ ነው፤ ለአውራ ጣቱ ስሜት የሚሰጠው ትንሽ ነርቭም ከቀዶው መስመር አጠገብ ያልፋል። ሹል ጫፍ ያለው መሳቢያ ለረጅም ጊዜ ተጭኖበት ከቆየ፣ አጥንቱ ቢስተካከልም ሕመምተኛው የሚያስታውሰው የደነዘዘውን ጣት ይሆናል። የአጥንቱን ሽፋን ከሚገባው በላይ መላጥ ደግሞ የደም አቅርቦቱን ይቀንሳል፤ በተለይ ከአጥንቱ ራስ ከታችና ከውጭ በኩል የሚገቡት የደም ሥሮች መጠበቅ አለባቸው።

ማያያዣውን ያለ ሥርዓት ማስገባት

ውስጡ ክፍት የሆነው ስክሩ በመሪ ሽቦ ላይ ይሄዳል። ሽቦው በትንሹ ከጎበጠ መሰርሰሪያው ይቆርጠዋል ወይም ወደፊት ይገፋዋል፤ ስለዚህ መሰርሰሪያው በገባ ቁጥር በምስል መከታተል ያስፈልጋል። ከላይ በኩል ብቻ የሚያጠብቅ ስክሩ ታችኛውን ጠርዝ ሊከፍት ስለሚችል፣ ከማጥበቁ በፊት ሁለቱ ፊቶች በእኩል መነካካታቸው ይረጋገጥ። ስክሩንና ፕሌቱን ከተለያየ ብረት፣ ለምሳሌ አንዱን ከታይታኒየም ሌላውን ከማይዝግ ብረት፣ ቀላቅሎ እርስ በርስ በሚነካኩበት ሁኔታ መተው የዝገት አደጋ ስላለው ይወገድ። የመጨረሻው ምስልም እግሩ ተንጠልጥሎ ከሚነሳ፣ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ከሥሩ ተደግፎና ተጭኖ ቢነሳ ይሻላል። ከልክ በላይ የታረመ አውራ ጣት ወደ ተቃራኒው ጎን ያጋድላል፤ ጫማ ለማድረግም ከመጀመሪያው መዛባት የባሰ ሊያስቸግር ይችላል።

ስብስቡን ሳይፈትሹ መጀመር

ማሰለፊያውና የመቁረጫ መሪው ብሎን፣ ስንጥቅና ጠባብ ቀዳዳ የበዛባቸው መሣሪያዎች ናቸው። ደም ከደረቀባቸው በእንፋሎት ማምከን ብቻ አያጸዳቸውም፤ በ134 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ3 ደቂቃ የሚሰጠው እንፋሎት የሚሠራው በሚደርስበት ገጽ ላይ ነው። የሚፈታው መፈታት፣ የሚከፈተው መከፈት፣ ክፍት መሐል ያለው በብሩሽና በውኃ መታጠብ አለበት። በጨው ውኃ ዘፍዝፎ መተው ብረቱን ስለሚበላው አይደረግ።

አንድ ጊዜ ከሌላ ቦታ በውሰት የመጣ ስብስብ በቀዶው ዕለት ጠዋት ደረሰን፤ ዝርዝሩን ከማየት በቀር ጊዜ አልነበረንም። የመሪው ቀዳዳዎች ለ2 ሚሊሜትር ሽቦ የተሠሩ ሲሆኑ፣ በሳጥኑ ውስጥ የነበሩት ሽቦዎች 1.6 ሚሊሜትር ነበሩ። መሪው ተሰካ፤ ግን ይወዛወዝ ነበር። ይህን ያስተዋለችው መሣሪያ አቀባይዋ ነርስ ነበረች፤ መጋዙ ከመነሳቱ በፊት ተናገረች፤ ትክክለኛው ሽቦ እስኪገኝም ሕመምተኛዋ በማደንዘዣ ሥር ቆየች። ያን ጥበቃ ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል። ከዚያ ወዲህ ሥራው የሚጀመረው ማደንዘዣው ከመሰጠቱ በፊት ከተመከነው ስብስብ አንድ ሽቦ ተነስቶ በመሪው ቀዳዳ፣ ምላጩም በስንጥቁ ውስጥ ተሞክሮ፣ የማሰለፊያው ብሎን እስከ መጨረሻው ተዙሮ ከታየ በኋላ ብቻ ነው።