ከአልጋ ሲነሱ ቤቱ ሲዞር፦ መዳንን የሚያዘገዩ ስህተቶች

ጠዋት ሲነሱ ወይም አልጋ ላይ ሲገላበጡ ቤቱ ድንገት ይሽከረከራል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ድንጋጤው ግን ቶሎ አይለቅም።

ብዙ ሰው "ግፊቴ ነው" ወይም "ደም አንሶኝ ነው" ብሎ ራሱ ይደመድማል። አንደኛው ስህተት ይሄ ነው። እንዲህ ያለው ማዞር አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ጆሮ ነው። በውስጠኛው ጆሯችን ሚዛን የሚጠብቁ ደቃቅ የካልሲየም ጠጠሮች አሉ። ከቦታቸው ተላቀው ፈሳሽ ወዳለበት ቱቦ ሲገቡ፣ ጭንቅላት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፈሳሹን ያናውጡታል። አእምሮም የምንሽከረከር ይመስለዋል።

ሁለተኛው ፈርቶ አለመንቀሳቀስ ነው። እናቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንገቷን እንደ እንጨት አድርቃ፣ ትራስ ተደግፋ አደረች። ያኔ ባውቅ ኖሮ አንድ ቀን አላሳድራትም ነበር። ጠጠሩን ቶሎ ወደ ቦታው የሚመልሰው በሥርዓት የሚሠራ የጭንቅላት እንቅስቃሴ ነውና።

የማዞር ኪኒን ለወራት መዋጥም አይጠቅምም። ማቅለሽለሹን ያስታግስ ይሆናል እንጂ ጠጠሩን አያነሳውም። እንቅልፍ ስለሚያመጣ አረጋውያንን ለመውደቅ ይዳርጋል።

አሁን ወደ ዋናው። እንቅስቃሴውን ከዩቲዩብ አይቶ፣ የታመመው ጆሮ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ መጀመር ልፋት ብቻ ነው። በብዛት የሚሠራው በሐኪሙ ጆን ኤፕሊ ስም የሚጠራው ነው። ቁጭ ብለው ጭንቅላትን 45 ዲግሪ ወደ ታመመው ጆሮ ያዞራሉ። እንደዞሩ በጀርባ ተኝተው ጭንቅላትን ትንሽ ወደ ኋላ ያዘነብላሉ። ከዚያ ጭንቅላትን 90 ዲግሪ ወደ ሌላው ጎን። ቀጥሎ አፍንጫ ወደ መሬት እስኪያይ በዚያው ጎን መዞር፤ በመጨረሻ ቀስ ብሎ መቀመጥ። በየደረጃው ቢያንስ 30 ሰከንድ ይቆዩ። ሰው ሲያዞረው ደንግጦ ብድግ ይላል፤ ጠጠሩም መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ከአንገት በላይ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ያሠራዎት። አንገት ወይም ወገብ የሚያምዎት ከሆነ አስቀድመው ይንገሩ።

ከዚያ በኋላ ለቀናት መንሳፈፍ ቢሰማዎት "አልሠራም" ብለው ተስፋ አይቁረጡ። ቁጭ ብሎ ማደርም አያስፈልግም፤ ወጣ ብለው ይራመዱ። ከወራት በኋላ ቢመለስም ሕክምናው ያው ነው።

አንዱን ግን አደራ። ንግግር ከተኮላተፈ፣ አንድ ጎን ከዛለ፣ ነገር ሁለት ሁለት ከታየ ወይም መቆም ካቃተ የጠጠር ጉዳይ ነው ብለው አይጠብቁ። በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።