ከቀለበቱ ሥር ያለው ቀለም፦ የፊያት ስፓይደርን ዳሽቦርድ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት መመለስ

ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1966 በቶሪኖ የመኪና ትርኢት ሲሆን፣ ቅርጹን የነደፈው በፒኒንፋሪና ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ቶም ቻርዳ ነው። ጣሪያው የሚከፈት መኪና በመሆኑ ፀሐይ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ዳሽቦርዱን፣ አንጋፋ መካኒኮቻችን በጣሊያንኛ ስሙ ክሩስኮቶ የሚሉትን ክፍል ነው። የላይኛው ልባስ ይሰነጠቃል፣ የእንጨቱ ገጽ ይገረጣል፣ ቫርኒሹም እየተቀረፈ ይረግፋል።

እኔ የሠራሁት ስፓይደር ደሴ ውስጥ በአንድ ግቢ ለብዙ ዓመታት ቆሞ የኖረ ነበር። ባለቤቱ በአባቴ ዕድሜ ያሉ፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ሰው ናቸው። ቁልፉን ሲሰጡኝ ‹‹ልጄ፣ እንዲያምርልኝ ብዬ አይደለም፤ እንደነበረ እንዲሆንልኝ ነው›› አሉኝ። ይህ አነጋገራቸው የሥራውን መመሪያ ሁሉ ጠቅልሎ የያዘ ሆኖ አገኘሁት፤ ምክንያቱም የሚያምር ዳሽቦርድ ማንኛውም ጥሩ አናጺ ሊሠራ ሲችል፣ እንደነበረ የሆነውን ለመሥራት ግን አስቀድሞ የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ አንድም ብሎን ከመፈታቱ በፊት ዳሽቦርዱን ከፊት፣ ከጎንና ከሥር ፎቶግራፍ ያንሱ። ቀጥሎ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይንቀሉ። እያንዳንዱ የኤሌትሪክ ሽቦ ከመላቀቁ በፊት ከየት እንደተነሳ የሚገልጽ ጽሑፍ ያለበት ፕላስተር ይጠቅለልበት፤ የሽቦ ቀለም በዕድሜ ስለሚደበዝዝ በቀለሙ ብቻ መተማመን አይገባም። ጌጆቹን (መለኪያዎቹን) ከኋላ የያዟቸው ትንንሽ ዳዶዎች በጣት ኃይል እንዲፈቱ የተሠሩ ናቸው። እምቢ ካሉ ጠብታ ዘይት አድርጎ ማሳደር ይሻላል፤ በፒንሳ መታገል ጥርሳቸውን ይበላዋል። የኪሎሜትር ገመዱም ከፍጥነት መለኪያው ጀርባ በእጅ ተፈትቶ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የሞተር ዙር መለኪያውን ከማረፊያው ሳወጣ፣ የብረት ቀለበቱ ተጭኖት በኖረው ክብ ጠርዝ ላይ፣ ከጣት ጥፍር የማይሰፋ፣ ሞቅ ያለ ቡናማ ቀለም ያለው የእንጨት መስመር ታየኝ። ከእሱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ያለው እንጨት ግን እንደ ደረቀ ገለባ ገርጥቶ ነበር። ብርሃን ያልነካት ያቺ ቀጭን መስመር የቀለሙን መጠን፣ የቫርኒሹን ውፍረትና የአንጸባራቂነቱን ልክ ሳትለወጥ ጠብቃ አቆይታለች። እንዲህ ያለ ማስረጃ ከቀለበት ሥር፣ ከመቀያየሪያ (ስዊች) ማረፊያዎች ጀርባና ከጓንት ሣጥኑ ክዳን ጠርዝ ይገኛል። ፎቶግራፉን በቀን ብርሃን፣ በጥላ ሥር ያንሱ፤ ሥራው እስኪያልቅም ቦታዋን በብርጭቆ ወረቀት አይንኩ። የትኛውም ካታሎግ ከዚህ የበለጠ ምስክር ሊሆን አይችልም።

የእንጨቱ ገጽ ከግማሽ ሚሊ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ስስ ልባስ በመሆኑ አሮጌውን ቫርኒሽ በመፋቅ ማንሳት አደገኛ ነው። የቀለም ማንሻ ኬሚካል ቀብቶ እስኪለሰልስ መጠበቅ፣ ከዚያም ጠርዙ በዶለዶመ የፕላስቲክ መፋቂያ ወደ እንጨቱ ክሮች አቅጣጫ መግፋት ይሻላል። ከዚያ በኋላ 240፣ በመጨረሻም 320 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በእንጨት ጣውላ ላይ ጠቅልሎ በእጅ ብቻ ማለስለስ ይበቃል፤ ማሽን እዚህ ቦታ የለውም። የተላቀቀ ጠርዝ ካለ ቀጭን የእንጨት ኮላ በመርፌ አስገብቶ፣ በላስቲክ ሸፍኖ፣ በክብደት ተጭኖ ማሳደር ያስፈልጋል።

ልባሱ ከነጭራሹ የጠፋ ከሆነ ብዙዎች የዋንዛ ገጽ እንዲለጠፍበት ይመክራሉ። ዋንዛ የምወደው እንጨት ነው፤ ቤቴ ያለው ጠረጴዛም የዋንዛ ነው። ነገር ግን የክሮቹ አወራረድ ከቶሪኖው ልባስ ጋር ስለማይገናኝ፣ ዋንዛ የተለጠፈበት ዳሽቦርድ የተዋበ ቢሆንም የዚያ መኪና ዳሽቦርድ መሆኑ ያበቃል። ከቀለበቱ ሥር ካለችው መስመር ጋር በክርና በቀለም የሚመሳሰል ልባስ እስኪገኝ መታገሥ ይገባል።

ቫርኒሹን በተመለከተ የወሎ አየር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በክረምት ጉም የማይለያት ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ እርጥበት ውስጥ የሚረጭ ናይትሮ ቫርኒሽ ሲደርቅ ማቅጠኛው (ቲነሩ) እየተነነ ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው፣ አየር ውስጥ ያለውን ውሃ ስቦ ወተት እንደፈሰሰበት ይነጣል። በእኛ አገር የበልግ ዝናብም ስላለ አመቺው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰዓቱም ከረፋዱ አራት እስከ ቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ያለው ነው። ያ ካልተቻለ የዳሽቦርዱን ሰሌዳ ወደ ኮምቦልቻ ይዞ መውረድ መልካም ነው፤ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለችና ሞቅ ያለች በመሆኗ እኔ የመጨረሻዎቹን ሁለት ርጭቶች እዚያ አድርጌያለሁ። አንድ ወፍራም ርጭት ከማድረግ ስድስት ስስ ርጭቶችን፣ በየመካከሉ እያደረቁና በ600 ቁጥር ወረቀት በስሱ እየዳሰሱ መርጨት ይገባል። ርጭቱም የሚቆመው አንጸባራቂነቱ ከዚያች መስመር ጋር ሲስተካከል ነው።

ጌጆቹ የጣሊያኑ መለኪያ አምራች የቬሊያ ቦርሌቲ ሥራዎች ናቸው። የፊት ቀለበታቸው ወደ ኋላ የታጠፈ በመሆኑ ጠርዙን በትንሽ ካቻቢቴ ዙሪያውን ጥቂት በጥቂት ማንሳት እንጂ በአንድ ቦታ መፈልቀቅ አይገባም። በመጀመሪያው የነዳጅ ጌጅ ላይ የሠራሁትን ስሕተት እዚህ መናገር አለብኝ፦ የጌጁን ፊት በአልኮል በራሰ ጥጥ ስጠርገው ነጩ ጽሑፍ ከአቧራው ጋር ጥጡ ላይ ተነሥቶ መጣ። ያንን ጽሑፍ የሚመልስ ነገር አልነበረኝም፤ ጋሼንም ይቅርታ ጠይቄ ሌላ አሮጌ ጌጅ እስኪገኝ ወራት ጠበቅን። የጌጅ ፊት በደረቅና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይጸዳል፤ ቀስቱም በጣት አይነካም። የኪሎሜትር ቁጥሩን ወደ ዜሮ መመለስ የሚጠይቁ አሉ፤ እኔ አልሠራውም፤ የተጓዘው መንገድ የመኪናው ታሪክ ነውና።

የዳሽቦርዱ የላይኛው ትራስ ከተሰነጠቀ በገበያ የሚሸጠውን ጠንካራ የፕላስቲክ ሽፋን ከላይ መደረብ ፈጣን ነው፤ ግን ጠርዙ ወዲያው ያጋልጠዋል። ትክክለኛው መንገድ አሮጌውን ልባስ ገፎ፣ የተቦጨቀውን ስፖንጅ ሞልቶና አስተካክሎ፣ ጥቃቅን እጥፋቱ ከአሮጌው ጋር የሚመሳሰል ቪኒል ማልበስ ነው። ይህን የወንበር ልባስ ባለሙያዎች ከእኔ የተሻለ ይሠሩታል። እርስዎ ማድረግ ያለብዎት ከትራሱ ሥር ታጥፎ ከፀሐይ የተጠበቀውን የአሮጌ ልባስ ቁራጭ ለናሙና መስጠት ነው።

ሲገጣጠም ብዙዎችን የሚያስቸግረው ማሳው፣ ማለትም ኤሌትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መስመር ነው። እንጨት ኤሌትሪክ ስለማያስተላልፍ የእያንዳንዱ ጌጅ ማሳ የሚመጣው በጥቁሩ ሽቦ ብቻ ነው፤ እሱ ካልጠበቀ ወይም ጫፉ ከዛገ የነዳጁና የሙቀቱ ቀስቶች መብራት በበራ ቁጥር ይዋዥቃሉ። ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት አጽድተው ያጥብቁ። የ8 እና የ16 አምፔር ፊውዞች ማረፊያም በዚያው ይጽዳ። አምፖሎቹን በኤልኢዲ አይተኩ፤ የሌሊቱ ሞቃት ብርሃን የዳሽቦርዱ አካል ነው። የኪሎሜትር ገመዱ በስሱ ግሪስ ይቀባ፤ ከመለኪያው በኩል ያለው አንድ ስንዝር ግን ደረቅ ሆኖ ይቅር፤ አለበለዚያ ግሪሱ እየተሽከረከረ ወጥቶ ወደ ጌጁ ይገባል።

የእኔን የሞከርኩት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት ነው። በየመጠምዘዣው ፍጥነቱ ሲቀንስና ሲጨምር ቀስቱ ሳይንቀጠቀጥ ከተከተለ ገመዱ በትክክል ተቀምጧል ማለት ነው፤ ከተንቀጠቀጠ ገመዱ አንድ ቦታ ላይ በጠባቡ ታጥፏልና ተመልሰው አወራረዱን ያስተካክሉ። ከጉዞው መልስ ዳዶዎቹን በጣት ደግመው ያጥብቁ፤ አዲስ ቫርኒሽ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቀለበቱ ሥር በጥቂቱ ስለሚሳሳ ይላላሉ።