ከሩቅ ያነሳችሁት ፎቶ ብዥ ካለ መጀመሪያ አየሩን ተጠራጠሩ

ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስራችሁ፣ ፎከሱን አስተካክላችሁ በረጅም ሌንስ አነሳችሁ። ፎቶውን ስታዩት ግን ብዥ ብሏል፤ ቀጥ ያለው የመብራት ምሰሶ እንደ እባብ ተጣሟል። ብዙ ሰው ይሄኔ ሌንሱን ይዞ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል። እባካችሁ አትቸኩሉ።

ጥፋቱ የማን ነው?

ካሜራውን ሳትነኩ ያንኑ ምሰሶ አስር ጊዜ አከታትላችሁ አንሱ። ፎቶዎቹን አጉልታችሁ አስተያዩ። በአንዱ አናቱ፣ በሚቀጥለው ደግሞ ወገቡ ከተጣመመ ጥፋቱ የአየሩ ነው። ሁልጊዜ አንድ ጥግ ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱን ጠርጥሩ። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳበ ካሜራው ተነቅንቋል። አስር ሜትር ላይ ያለ ነገርም አንሱ፤ ጥርት ካለ ሌንሳችሁ ጤነኛ ነው።

አየሩ ምን ሆኖ ነው?

ፀሐይ በይበልጥ የምታሞቀው መሬቱን ነው፤ አየሩ የሚሞቀው ከመሬቱ ነው። ጠራራ ላይ የዋለ አስፋልት ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። እሱን የነካው ስስ አየር ሞቆ ይቀልልና ሽቅብ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ቦታውን ሊይዝ ይወርዳል። ኮንቬክሽን የሚባለው ይህ ነው። ሁለቱ ግን በሰላም አይተላለፉም። ይጋፋሉ፣ ይሽከረከራሉ፣ ትልቁ ሽክርክሪት ወደ ትንንሽ ይበጣጠሳል። ይህ ደግሞ ተርቡለንስ ነው።

ሙቅ ውሃ ውስጥ ስኳር ሲሟሟ ውሃው ክር ክር ሲል አይታችኋል? አየሩም እንደዚያ ነው። የሞቀው ብርሃንን የሚያጎብጠው ከቀዝቃዛው ባነሰ መጠን ነው። የአንድ ዲግሪ ልዩነት የሚያመጣው ለውጥ ከሚሊዮን አንድ ገደማ ብቻ ነው። ብርሃኑ ግን በመቶዎች ሜትር መንገድ ላይ ስንቱን ሽክርክሪት ያልፋል! ረጅም ሌንስ ደግሞ መጣመሙንም አብሮ ያጎላዋል።

ምን ይሻላል?

ዋናው መድኃኒት መጠጋት ነው። ውድ ሌንስ ይህን አያድንም፤ ደግሜ ደጋግሜ ብለው አይሰለቸኝም።

መጠጋት ካልተቻለ ሰዓት ምረጡ። ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላና ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀራት የመሬቱና የአየሩ ሙቀት ብዙ ጊዜ ይቀራረባል። አየሩ የሚረጋጋው ያኔ ነው። ደመናማ ቀንም ጥሩ ነው። መሬት ላይ ተኝታችሁ ከማንሳት ተነስታችሁ ቁሙ፣ በአስፋልት ላይ አሻግራችሁ ከማንሳት በሣር ላይ አሻግራችሁ አንሱ። ፈጣን ሻተር (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ ማሳጠር) ብዥታውን ይቀንሳል፣ የተጣመመውን ግን አያቃናም። ስለዚህ ብዙ አንሱና የተሻለውን ምረጡ።

ብርድ ላይም ከደበዘዘ

ከሞቀ መኪና የወጣ ሌንስ ፊቱ ላይና ሁዱ (ጫፉ ላይ የሚገጠመው የብርሃን ከለላ) ውስጥ የራሱን ሙቅ አየር ያተራምሳል። ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ ይቀዝቅዝ፤ ሁዱንም አውልቁ። ማሞቂያው እየሠራ በመኪና መስኮት ማንሳት ደግሞ የባሰ ነው። ሌንሱ አጠገብ ያለ ትርምስ ከሩቁ ይልቅ ምስል ያበላሻልና።

ጨረቃ በቴሌስኮፕ ከተንቀጠቀጠች

ቀን የሞቀ ጣሪያ ሌሊት ሙቀቱን ይተፋል፤ ከእሱ ራቁ። ቴሌስኮፑም ቀድሞ ይቀዝቅዝ። ከአድማስ 30 ዲግሪ ላይ ያለች ጨረቃ ብርሃኗ አናት ላይ ስትሆን ከሚያልፈው እጥፍ አየር ያቋርጣል። ከፍ እስክትል ጠብቋት።