የኢሱዙ ኤንፒአር ዲናሞን ወደ 80 አምፔር ስታሳድጉ

ቆየት ያለ ኤንፒአር ላይ ተጨማሪ ፓውዛ ወይም የጭነት ማቀዝቀዣ ከታሰረበት 50 አምፔሩ ዲናሞ አይችለውም። 80 አምፔር ግዙ፣ ባለ 24 ቮልት መሆኑን አረጋግጡ። ከሁሉም በፊት ግን የነባሩን ጀርባ እዩ፦ ብዙዎቹ ላይ የፍሬን ሰርቮው (ፍሬን ስትረግጡ የሚያግዛችሁ) ቫኪዩም ፓምፕ (አየር መጣጩ) የታሰረው እዚያው ነው። ፓምፕ የሌለው ዲናሞ ከገጠማችሁ ባትሪው ይሞላል፣ ፍሬኑ ግን ድንጋይ ይሆናል። ፓምፑ ዘይት የሚያገኘው ከሞተሩ በቱቦ ስለሆነ ከመግጠማችሁ በፊት ትንሽ የሞተር ዘይት አፍስሱበት፤ ደርቆ ከተነሳ ውስጡ ይፋቃል።

ቀጥሎ ቺንጋው (ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ)። 80 አምፔር በ28 ቮልት 2240 ዋት ነው፤ በሙቀት የሚባክነው ሲታከል ከ4 የፈረስ ጉልበት በላይ ከሞተሩ ይወስዳል። አንድ ቺንጋ እዚህ ላይ ይንሸራተታል፣ ይጮኻል፣ ፑሌጃውን (ቺንጋው የሚያርፍበትን መዘውር) ያግላል። የክራንኩም (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የዲናሞውም ፑሌጃ ባለ ሁለት ቦይ ይሁን። ሁለቱን ቺንጋ አንድ ላይ ቀይሩ፤ አንዱን ብቻ ከቀየራችሁ አሮጌው ስለተለጠጠ ሸክሙ ሁሉ አዲሱ ላይ ይወድቃል። በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ መሃሉን ስትጫኑት 10 ሚሊሜትር ገደማ ይርገብ። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ኩሽኔታ መጨረስ ነው (የብዙ ጋራዥ ልማድ ቢሆንም)። 20 ደቂቃ አሠርታችሁ ሞተሩን አጥፉና እንደገና አጥብቁ።

ወደ ባትሪ የሚሄደውን ቀጭን ገመድ አትተዉት፣ በ25 ካሬ ሚሊሜትር ተኩት፤ የማሳውንም (የኔጌቲቩን) ገመድ እንዲሁ። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራት ሁሉ በርቶ ባትሪው ላይ ከ27.5 እስከ 28.5 ቮልት ማንበብ አለበት።