የሮል ኬጁ እግር ወለሉን ሲሰነጥቅ

ላንድክሩዘሩ ከጎንደር ደባርቅ ደርሶ ሲመለስ ከሮል ኬጁ (መኪናው ቢገለበጥ ተሳፋሪውን ከሚጠብቀው የብረት ቱቦ ማዕቀፍ) ዋና ቅስት እግር ሥር ቋ ቋ ይል ነበር። ምንጣፉ ሲነሳ ላሜራው በእግሩ ዙሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አውጥቷል፤ ቀለሙም ተፈርፍሯል።

ጥፋቱ የቱቦው አይደለም። ካቢናው ሻንሲው ላይ የተቀመጠው በጎማ ትራስ ስለሆነ ሁለቱ ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ። እግሩ ግን ከወለሉም ታስሮ፣ ወደ ታች አልፎ ሻንሲው ላይም ተበይዷል። ሻንሲው በተጠማዘዘ ቁጥር ላሜራውን ይቀደዋል። «ሻንሲ ላይ ካልተበየደ አይጠነክርም» የሚባለው እዚህ አይሠራም። የግድ ከሻንሲ ይታሰር ከተባለ መሃል ላይ የካቢናውን ዓይነት ጎማ ማስገባት ነው፤ ለዚህ መኪና ወለሉ ይበቃል።

ባትሪው ተፈታ፣ የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎች ከሥር ተነሱ፣ የሻንሲው ብየዳ በግራይንደር ተቆረጠ። የስንጥቁ ጫፎች እንዳይቀጥሉ በ3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ተበስተው ተበየዱ።

ዋናው ሥራ ማጠናከሪያው ነው። ከወለሉ ሥር 3 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 15 በ10 ሴንቲሜትር ብረት ገባ፤ ማዕዘኑ ካልተከረከመ እሱም ላሜራውን ይቆርጣል። በዓለም አቀፉ የመኪና ፌዴሬሽን (ፊያ) የውድድር ደንብ ዝቅተኛው የብረቱ ስፋት 120 ካሬ ሴንቲሜትርና ለአንድ እግር ሦስት 8 ሚሊሜትር ቡሎን ነው። እዚህ አራት ገቡ፣ ሁሉም የጥንካሬ ደረጃቸው 8.8፣ ዳዷቸው ራሱን የሚቆልፍ። ቦታውም መሃል ወለል ሳይሆን ከበሩ ሥር ካለው ጠንካራ ጠርዝ አጠገብ ይሁን።

ፀረ ዝገት ቀለምና ሲሊኮን ሳይረሳ፣ ከመጀመሪያው የኮረኮንች ጉዞ በኋላ ቡሎኖቹ በድጋሚ ይጥበቁ።