የከብት ጂፒኤስ ማሰሪያ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ማሰሪያውን ከመፍታታችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ። የአንገት ማሰሪያው ሁለት የተለያየ ሥራ አለው፦ ያለበትን ቦታ ማወቅና ያወቀውን ማድረስ። ቦታውን የሚያውቀው 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ቢያንስ የአራቱን ሞገድ ተቀብሎ ነው፤ በዚህ ሥራው ይቀበላል እንጂ አይልክም። ወደ ስልካችሁ የሚልከው በሞባይል ኔትወርክ፣ ሎራ በሚባለው የሬዲዮ መስመር ወይም በመገናኛ ሳተላይት ነው። «ሞተ» ከሚባሉት ማሰሪያዎች ብዙዎቹ ቦታቸውን ያውቃሉ፤ ያጡት የሚናገሩበትን መንገድ ነው።

ምሳሌዎቼ ከቦረና ናቸው። እዚያ የሚታለቡት ላሞች ዋራ ተብለው መንደር አጠገብ ሲቀሩ፣ የነጠፉት ላሞችና ወይፈኖቹ ፎራ ወጥተው ርቀው ይከርማሉ። ማሰሪያ የሚያስፈልገው ለፎራው ነው፤ ማታ ማታ በረት ለሚገባ ከብት ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት አይታየኝም። ለሁሉም ከብት ማሰርም አያስፈልግም። መንጋውን የምትመራው የቷ እንደሆነች እረኛውን ጠይቁትና ለእሷ እሰሩ።

ድምፁ ጠፍቷል፤ የመጨረሻው ነጥብ የትናንት ነው

መጀመሪያ እረኛው ጋ ደውሉ። ከብቶቹ ደኅና ከሆኑ ችግሩ የመላኪያው ነው። መንጋው ወደ ውሃ ሲመለስ የጠፉት ነጥቦች ተግተልትለው ከገቡ ምንም አልተበላሸም፤ ማሰሪያው ኔትወርክ በሌለበት ሲመዘግብ ቆይቶ ሲያገኝ አራግፎታል ማለት ነው። እንዲህ ላለው ቦታ መመዝገቢያውንና መላኪያውን ሰዓት ለያዩት፦ በየግማሽ ሰዓቱ ይመዝግብ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይላክ።

ነጥቦቹ ጭራሽ ካልገቡ ሲም ካርዱን አውጥታችሁ በተራ ስልክ ሞክሩት። ጥቅሉ ጊዜው አልፎበት ይሆናል፤ ወይም ፒን ኮድ ይጠይቃል፣ ላም ደግሞ ፒን አታስገባም። ኮዱን ስልኩ ላይ አጥፉት። ማሰሪያው በ2ጂ ብቻ የሚሠራ ከሆነ አካባቢው 2ጂ እንዳለው አረጋግጡ፤ ስልካችሁ 4ጂ ማሳየቱ ለማሰሪያው ምኑም አይደለም።

ሞያሌ አካባቢና በድንበሩ መስመር ሌላ ጣጣ አለ። ማሰሪያው የኬንያን ኔትወርክ ጠንከር ብሎ ያገኘውና ልግባ ይላል፤ ሮሚንግ (በሌላ አገር ኔትወርክ የመጠቀም ፈቃድ) ስለሌለው ይመለሳል፤ ደግሞ ይሞክራል። ነጥብ ሳይልክ ባትሪውን እዚያው ይጨርሳል። ኔትወርክ ምርጫውን ከአውቶማቲክ አውጥታችሁ በሲሙ ድርጅት ላይ ቆልፉት፤ መንጋው ድንበር የሚሻገር ከሆነ ደግሞ ሮሚንግ የተከፈተለት ሲም ግዙ።

በሎራ ለምትጠቀሙ፦ ተቀባዩ አንቴና ከብቶቹን «ማየት» አለበት። እይታው ክፍት ሲሆን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ መሃል ላይ አንድ ኮረብታ ከገባ ግን ሁለትም ላይሞላ ይችላል። የመላኪያውን ኃይል ከመጨመር አንቴናውን ከፍታ ላይ መስቀል ይሻላል።

ባትሪው ቶሎ አለቀ

በየ5 ደቂቃው የሚመዘግብ ማሰሪያ በቀን 288 ጊዜ ይነቃል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ከሆነ 48 ጊዜ። ልዩነቱ ግልጽ ነው። የማይታየው ወጪ ግን የፍለጋው ነው። ማሰሪያው ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ የሚነግረውን መረጃ ከራሳቸው ለመቀበል 30 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ መረጃው ደግሞ ከ4 ሰዓት ገደማ በኋላ ያረጃል። ጥቅጥቅ ያለ ግራር ሥር 30 ሰከንዱ ደቂቃዎች ይሆናል። ስለዚህ ለፍለጋው ገደብ አብጁለት፤ በ90 ሰከንድ ካላገኘ ይተኛ። ሌሊቱን በየ4 ሰዓቱ ይመዝግብ የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ስለ ግጦሽ ለማወቅ ከሆነ ያስኬዳል፤ ስጋታችሁ ሌባ ከሆነ ግን የምትፈልጉት ሌሊቱን ነው፤ ቀኑን ቀንሱ። ሶላር ያለውን ደግሞ ጭቃና እበቱን ጥረጉለት።

ላሟ ባሕር ውስጥ ናት

ሦስት ዓይነት ባሕር አለ፤ ምክንያታቸውም ይለያያል። ነጥቡ ከምዕራብ አፍሪካ ወዲያ በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ካረፈ ማሰሪያው ቦታውን ሳያገኝ ዜሮ ዜሮ ልኳል፤ ያንን መስመር ሰርዙት። ሜዲትራኒያን ላይ፣ ከአልጄሪያ በስተሰሜን ካረፈ ሁለቱ ቁጥሮች ተገለባብጠዋል። ያቤሎ በኬክሮስ 4.9፣ በኬንትሮስ 38.1 ገደማ ናት፤ አገላብጣችሁ ካርታ ላይ ብታስገቡ ውሃ ውስጥ ትገባላችሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ኬክሮሱ ከ3 እስከ 15፣ ኬንትሮሱ ከ33 እስከ 48 መሆኑን ያዙና ትንሹን ቁጥር ሁልጊዜ አስቀድሙ።

ሦስተኛው ባሕር እንኳ ስላልሆነ ይባስ ያታልላል፦ ነጥቡ እዚያው ወረዳ አካባቢ ይወድቃል፣ ግን ርቆ። 4 ዲግሪ ከ53 ደቂቃ የሚለውን 4.53 ብሎ የጻፈ ሰው ላሟን ወደ 39 ኪሎ ሜትር ደቡብ ወስዷታል። ትክክለኛው 4.88 ነው፤ ደቂቃውን ለ60 አካፍሉ።

ሌሊት ስትግጥ፣ ቀን ስትተኛ ትታያለች

ይህ የኛው የሰዓት አቆጣጠር ያመጣው ነው። ማሰሪያው የሚመዘግበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። እሱ 03:00 ሲል በፈረንጁ አቆጣጠር እዚህ 6፡00 ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ከብት ከበረት የሚወጣበት። 03:00ን አይቶ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ያለ 3 ሰዓት ይሳሳታል፤ የፈረንጅ የአገር ውስጥ ሰዓት መስሎት «ከሌሊቱ 9» ብሎ የተረዳው ደግሞ እንዲሁ በሌላ በኩል። ፋይሉ ላይ 3 ሰዓት ደምሩና የኢትዮጵያን ሰዓት በሌላ ዓምድ ለብቻው ጻፉ፤ አትደባልቁ።

ቆማ ስትውል ብዙ የሄደች ይመስላል

ሰማይ ክፍት በሆነበት እንኳ ነጥቡ ጥቂት ሜትሮች ይዋልላል። በየ5 ደቂቃው 5 ሜትር ቢዘል፣ ተኝታ የዋለችው ላም በቀን ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል «ትሄዳለች»። ርቀት ስትደምሩ ከ15 ሜትር በታች ያለውን እንቅስቃሴ ዜሮ አድርጉት። ዝላዩ በመቶ ሜትሮች ከሆነ ግን ማሰሪያው ዞሮ አንቴናው ከአንገቷ ሥር ገብቷል። ባትሪው ከታች ክብደት ሆኖ አንቴናውን ወደ ላይ ካልያዘው ቀበቶው ላልቷል። ኤላ (የቦረና ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ) ላይ ብቻ የሚዘል ከሆነ አትንኩት፤ ከብቶቹ በተቆፈረው መውረጃ ወደ ጉድጓዱ ሲገቡ ግድግዳው ሰማዩን ይሸፍናል፤ ሲወጡ ይስተካከላል።

አንገቷ ተልጧል

ፈታችሁ አውጡ፤ እስኪድን አትመልሱት። ቦረና «ገና» ከሚለው ዋናው ዝናብ (የልደት በዓሉ ገና አይደለም) በኋላ ከብት ሲወፍር ቀበቶው ይጠብቃል፣ በድርቅ ወራት ይላላል። መዳፋችሁ ተዘርግቶ በቀላሉ ሊገባ ይገባል። በማደግ ላይ ላለች ጊደር ባታስሩ ይመረጣል።

ነጥቡ አንድ ቦታ ደርቋል

እንቅስቃሴ መለኪያ ካለው እሱን እዩ። የተኛች ላምም ታመሰኳለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች። ለሰዓታት ፍጹም ዜሮ ካሳየ ማሰሪያው ወድቋል ወይም ላሟ ሞታለች፤ ነገ አትበሉ፣ ዛሬ ሂዱ። ቀበቶውን ካገኛችሁት ጫፉን ተመልከቱ። ተሸርሽሮ የተበጠሰ ከሆነ አሮጌ ነበር፤ ለስላሳና ቀጥ ያለ ከሆነ ቢላ ነው። ያኔ ማሰሪያውን ሳታጠፉ የመጨረሻዎቹን ነጥቦች ከነሰዓታቸው አትሙና ለቀበሌውና ለሽማግሌዎቹ አድርሱ፤ ዱካ የሚከተሉትን ሰዎች የት እንደሚጀምሩ የሚነግራቸው ያ ወረቀት ነው።